እናቴ ስለ ቅቤ ያደረገችው ግለ ሂስ

በጋዜጣ ሥራ ረጅም ዘመን ስለኖርሁ እውነት ያልሆነ ነገር በስሜ ወጥቶ ያውቃል። አብዛኛውን አለቃ ጨምሮበት፣ ሳንሱር ቆርጦበት ነው ብዬ ማለፍ እችላለሁ። አንዱን ግን ማንም አልነካብኝም። ግማሽ ገጽ ነው፤ ጋዜጣ ላይም አልወጣም። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በሕዝብ ፊት ቆማ የተናገረችው እናቴ ናት። ነገሩ የእኅቴ ቆዳና የአንድ ቆርቆሮ ቅባት ነገር ነው። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እኅቴ ስትወለድ ቀለም አልነበራትም። ቆዳዋ እንደ ወተት፣ ጠጉሯ እንደ ደረቀ የገብስ ነዶ ነበር። ዛሬ አልቢኒዝም ይሉታል፤ ያኔ በእኛ አገር ስም አልነበረውም። መንደራችን ከላሊበላ በላይ፣ ከአሸተን ማርያም ጀርባ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ የጥቁሩንም ሰው ከንፈር ይሰነጥቃል። እናቴ ለዚያች ልጅ ስትል የፀሐይን ጠባይ አጥንታ ነበር። ልጅቱ ውኃ የምትቀዳው ጎሕ ሲቀድ ነው። ከረፋድ ጀምሮ ቤት ውስጥ ጥጥ ትፈትላለች። ጥላው ከግድግዳው ሲረዝም ትወጣለች። እስከ አሥራ ሰባት ዓመቷ እንዲህ ኖረች፤ ክፉኛ የተቃጠለችባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ፣ እኔም አዲስ አበባ ስለነበርሁ፣ ቤቱ የሁለት ሴቶች ቤት ነበር።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅነው በጎረቤታችን በኩል ነው። ሴትዮዋ ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥብ ነበር። በዚያን ዘመን ቱሪስት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አንዲት ፈረንጅ ክፍሏ ውስጥ ትታው የሄደችውን ቱቦ ይዛ መጣችና ለእኅቴ ሰጠቻት።

"እንቺ፣ የዘመዶችሽ ነው" አለቻት።

እኔ ለዓመት ፈቃድ እቤት ነበርሁና የቱቦውን ጽሑፍ አነበብሁላት። ለፀሐይ ነው አልኋት። በማግስቱ ቅዳሜ ፊቷንና ክንዶቿን ተቀብታ በቀትር ገበያ ወረደች። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ የቀትር ገበያ ነበረች። ጨው ሻጮቹ ሲያዩዋት እንደ ልማዳቸው ጀመሩ።

"ፈረንጇ መጣች! ካሜራሽስ?"

"ፊልም አለቀብኝ" አለች፤ "አንተን የመሰለ ሳላገኝ።"

ማታ ስንመለስ እናቴ አንገቷን በጣቷ እየዳበሰች መረመረች። አልቀላም። እኅቴ ያን ዕለት የሳቀችውን ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁትም። እናቴ ግን ሌላ ነገር ነበር የያዛት።

"ጠዋት ቀባናት፤ አሁን የለም። ቅባቱ የት ሄደ?"

"ላብ አጥቦት ይሆናል" አልሁ።

"ላብ ያጠበው ልብስ ላይ ይገኛል። ይኸ ተጠጥቶ ነው።"

የእኛ አገር ሴቶች ቅቤ ሲቀቡ የሚሉት ነው። ቅቤውን ቀብተው፣ አሽተው፣ እሳት ዳር አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ቆዳው ማብረቅረቁን ሲተው "ጠጣ" ይላሉ፤ ያን ጊዜ ይደግሙታል። ለእናቴ ቆዳ የሚጠጣ ነገር መሆኑ ክርክር የሌለበት ጉዳይ ነበር። የጠየቀችኝ ጠጥቶ ወዴት እንደሚያደርሰው ነው። ጥያቄውን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም።

እኅቴ ቱቦውን በቢላ ሰንጥቃ እስከ መጨረሻዋ ጠረገችው። እኔ አዲስ አበባ ተመልሼ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርሁ። አንዱ ባለ መድኃኒት ቤት መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

"ጓድ፣ ሰው የደም ግፊት መድኃኒት አጥቶ ያለቅሳል፤ አንተ የፀሐይ ቅባት ትላለህ? ኮፍያ ግዛላት።"

እውነቱን ነበር። ክፈፉ ሰፊ የሆነ የሰሌን ባርኔጣ ገዝቼ ላክሁላት።

በቀጣዩ ዓመት በጋ የእርከን ሥራ ታወጀ። ተራራው አፈሩ ታጥቦ አልቋል፤ ድንጋይ እየተካበ አፈሩ ይያዝ ተባለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ከየቤቱ ሁለት ሰው ይውጣ ተባለ፤ ከእኛ ቤት ሁለት ሰው ማለት ሁሉም ሰው ማለት ነው። እናቴ ወደ ገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ሄዳ ስለ ልጇ ለመነች። ሊቀመንበሩ የእኛው አገር ሰው ነው፤ እኅቴን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል።

"ሥራ ቀለም አይመርጥም" አላት።

ባርኔጣው የቆየው ሁለት ቀን ነው። ከሥራው ላይ የሚቆጣጠር አንድ ካድሬ ነበር፤ "ይቺ ልትሠራ ነው ልትጎበኝ የመጣችው?" ብሎ ሰው አሳቀባትና አውልቆ ራሱ አደረገው። ለቀልድ ነው። ማታ መለሰላት፤ እሷ ግን ከዚያ በኋላ ለመልበስ አፈረች። በሳምንቱ እኔ ለፈቃድ ስደርስ ክንዶቿ፣ አንገቷ፣ የጀርባዋ አናትና የእግሯ ገጽ ተልጦ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ነጠላ ሲነካት ትጮሃለች። በዚያ ላይ በማግስቱ ሥራ አለባት።

የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከፀሐይ ሥራ ነፃ ናት የሚል ወረቀት። ሊቀመንበሩ የሚቀበለው ከክሊኒክ የመጣ ወረቀት ብቻ ነው። ክሊኒኩ ከመንደራችን በታች የነበረ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሲሆን የሚሠራው ሐኪም ሳይሆን ቁስል ማሰርና መርፌ መውጋት የተማረ አንድ ወጣት ድሬሰር ብቻ ነው። ሦስታችንም ሄድን።

"ወረቀት ነው የምትፈልጉት?" አለ ገና ሳንቀመጥ።

"መጀመሪያ ልጄን ይዩልኝ፣ ሐኪሜ" አለች እናቴ።

ድሬሰሩ አያት። ፊቱ ላይ ሐዘን አየሁ፤ ይህን መካድ አልፈልግም።

"እናቴ፣ ባለፈው ወር ለሰባት ሰው ወረቀት ጽፌ በስብሰባ ተገመገምሁ። 'ክሊኒክህ የስንፍና ፋብሪካ ሆኗል' ተባልሁ። ወረቀት አልጽፍም። መድኃኒት ግን እሰጣለሁ።"

ከመደርደሪያው አንድ ትልቅ ቆርቆሮ አወረደ። ውስጡ ነጭ ቅባት ነው። በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ግማሽ ድረስ ገለበጠልን።

"የፀሐይ ነው?" አለች እኅቴ።

"የቆዳ ነው። የተቃጠለው ቆዳሽ አይደል? በቀን ሦስት ጊዜ፣ በደንብ አድርገሽ። ተቀብተሽ ትሠሪያለሽ።"

እናቴ ጣሳውን አሸተተች። "ቆዳዋ ይጠጣዋል እኮ። ጠጥቶ ወዴት ነው የሚያደርሰው?"

ድሬሰሩ ሳቀ። "እናቴ፣ ቆዳ እኮ ግንብ ነው። ዝናብ ሲመታሽ ሆድሽ ውስጥ ውኃ ይገባል?"

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልሁ። ሥራዬ መጠየቅ ነው፤ ሚኒስትር ፊት ቆሜ "ምን ማለትዎ ነው?" ብዬ አውቃለሁ። በዚያች ክፍል ውስጥ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀች አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች፤ እኔ ከሚስቁባት ጋር ፈገግ አልሁ። ያ ቅባት ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ቆርቆሮውን አዙሬ አላየሁም። ከድሬሰሩም ከሊቀመንበሩም ይልቅ ዛሬ ድረስ የምቆጣው በዚያ ፈገግታ ነው።

እናቴ የታዘዘችውን በምታውቀው መንገድ ፈጸመች። ቅባቱ እንዳይደርቅባት ቤት በተረፈች ትንሽ ቅቤ ለወሰችው። እኅቴን ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ከሥራ ስትመለስና ስትተኛ ቀባቻት። እስኪጠጣ አሸችው። ከዚያ ብርድ እንዳይመታት ከነቅባቱ በቡሉኮ ጠቅልላ ፍም ዳር አስቀመጠቻት። የታመመ ሰው የሚታከመው እንዲህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በቀን አንዴ ለቅልቆ ይተወዋል። እናቴ ግን ጠንቃቃ ናት፤ አንዲት ጊዜ አላለፈቻትም።

በመጀመሪያው ቀን በጣም አንገበገባት። "መድኃኒቱ ሲሠራ ነው" አልናት። በሦስተኛው ቀን ማታ እህል አልበላም አለች። በአራተኛው ቀን ከእርከን ስትመለስ ጆሮዋን ይዛ መጣች።

"ጆሮዬ ውስጥ ንብ አለ" አለች።

"የምን ንብ?"

"ጥዝዝ ይላል። ሁለቱም። ስታናግሩኝ ከሩቅ ነው የምትሰሙኝ፣ ማለቴ እኔ ነኝ ከሩቅ የምሰማችሁ።"

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አስታወካት። ትንፋሿ ዳገት እንደወጣ ሰው ቶሎ ቶሎ ይል ጀመር፤ የተቀመጠችው ግን መደብ ላይ ነው። ጎረቤቶች ገቡ። ምች ነው ተባለ። ፀሐይ ላይ ውላ ቅቤ ተቀብታ ምች ባይመታት ነው የሚገርመው አሉ። ዳማከሴ ጨምቀው አሸተቷት። አሸተን ፀበል ትሂድ ያለም ነበር። እናቴ በመካከሉ የጠዋቱን ቅባት ልትቀባት ጣሳውን አነሣች።

ከሥራዬ የተረፈኝ አንድ ልማድ አለ፤ ነገር ሲምታታብኝ ሰዓትና ድርጊት እየጠየቅሁ እጽፋለሁ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ከሰኞ ጀምሮ ያለውን ጻፍሁ። ፀሐዩ አዲስ አይደለም፤ ሥራውም ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ቅቤውን ከተወለደች ጀምሮ ተቀብታዋለች። በወረቀቱ ላይ አዲስ ነገር አንድ ብቻ ነበር። እናቴን እጇን ያዝሁ።

"ተይው" አልሁ።

ሮጬ ወደ ክሊኒኩ ወረድሁ። አሁን ቆርቆሮውን አዙሬ አየሁ። ልጣፉ ግማሹ ተቀዷል፤ የተረፈውን ፊደል በፊደል ገለበጥሁ።

"ለምን በሽታ ነው የምትሰጠው?" አልሁ።

"ለጭርት" አለ ድሬሰሩ። "የቆዳ ነው አልሁህ እኮ።"

ያን ቀን ችግኝ አራግፎ ወደ ወልድያ የሚመለስ የእርሻ ላንድሮቨር ነበር። የጋዜጠኛ መታወቂያዬን አሳይቼ ሾፌሩን ለመንሁት። እናቴ እኅቴን ጭኗ ላይ አስተኝታ ከኋላ ተቀመጠች። መንገዱን ሁሉ የምሰማው የሞተሩን ድምፅ ሳይሆን ያንን የቸኮለ ትንፋሽ ነበር። ወልድያ ሆስፒታል ስንገባ እኅቴ የት እንዳለች ስትጠየቅ ገበያ ነኝ አለች።

የተቀበለን ሐኪም በዕድሜ ጠና ያለ ነው። የገለበጥሁትን ቁራጭ ጽሑፍ አንብቦ ሌላ ወሬ አልፈለገም።

"ጆሮዋ ይጮሃል?"

"አዎ።"

"ሲቀባ ቆዳዋ የተላጠ ነበር?"

"አዎ።"

"ሸፍናችኋት ነበር?"

"በቡሉኮ" አለች እናቴ፤ "እሳት ዳር።"

ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ነርሷን ጠርቶ ገላዋን በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ሦስት ጊዜ እንዲያጥቧት፣ ጉሉኮስ እንዲሰቅሉላት አዘዘ። በሁለተኛው ቀን ትንፋሿ ረጋ። በአራተኛው ቀን ንቡ ከጆሮዋ ወጣ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሙሉ ቀን ሐኪሙ "ትድናለች" የሚለውን ቃል ሊነግረን አልፈቀደም።

ነገሩን ያስረዳን ከዳነች በኋላ ነው። ቅባቱ ውስጥ ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ የአስፕሪን ዘመድ ነው። በጭርት ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ሲቀቡት ቅርፊቱን ያነሣል፤ ሌላ ጉዳት የለውም። በተላጠ ገላ ላይ፣ በሰፊው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሲሆን ግን ወደ ደም ይገባል። "አስፕሪን በእፍኝ እንደ መዋጥ ነው" አለን።

"ቆዳ ግንብ ነው ተብለን ነበር" አልሁ።

"ግንብ አይደለም፤ ካብ ነው" አለ። "እርከን ስትሠሩ ድንጋዩን ትደረድራላችሁ፣ በመካከሉ ጭቃ ትሞላላችሁ አይደል? ቆዳም እንዲያ ነው። ላይኛው ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት ድርድር ነው፤ በመካከላቸው ስብ አለ። ውኃ በቀላሉ አያልፍም። ስብ የሚወድ ደቃቅ ነገር ግን በዚያ ስብ መካከል እየተሹለከለከ ይገባል። ሲሞቅ ይፈጥናል። ሲሸፈን ይብሳል። የሷ ደግሞ ፀሐዩ ካቡን አፍርሶታል፤ የሚያግደው ነገር አልነበረም።"

"ቅቤውስ?" አለች እናቴ።

"ቅቤው ትንሹ ጥፋት ነው። ቡሉኮውና እሳቱ ይበልጣሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ቅባቱ ራሱ ነው።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። "እኔ ጠይቄ ነበር" አለች።

"ማንን?"

ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። "ሰው ሁሉ በነበረበት" አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቆዳ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የፈረንጅዋ ቱቦም ቢሆን እናቴ እንዳለችው ነበር። በፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ውስጥ ከሚገቡት ንጥረ ነገሮች አንዳንዶቹ በጤነኛ ቆዳም አልፈው በደምና በሽንት ውስጥ እንደሚገኙ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ተገኙ ማለት ጎዱ ማለት አይደለም፤ ይህን ሳልለይ ባልፍ ድሬሰሩ የሠራውን ስሕተት በሌላ አቅጣጫ መሥራት ይሆንብኛል። እንደ ዚንክ ያሉት ነጫጭ ማዕድናት ደግሞ አብዛኛውን ከላይ ይቀራሉ። እኅቴን በመሰለ ሰው ላይ ፀሐይ ከቅባት ሁሉ የከፋ ጠላት ነውና፣ ዛሬ የፀሐይ ቅባት አትቀባ የሚለኝ ቢኖር እከራከረዋለሁ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ምን እንደሚያልፍ፣ ምን እንደማያልፍ የሚጠየቅ ጥያቄ መሆኑን እናቴ ያለ መጽሐፍ ታውቅ ነበር፤ የተማርነው ሳቅንባት።

ሐኪሙ ሁለት መስመር ወረቀት ጻፈልን። የመጀመሪያው ልጅቱ ፀሐይ ላይ እንዳትሠራ ይላል። ሁለተኛው ከክሊኒክ በተሰጣት ቅባት መመረዟን ይናገራል። ይዤ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድሁ። አነበበው፤ አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው።

"የመጀመሪያው መስመር ይበጃል" አለ። "ሁለተኛው አይሆንም።"

"ለምን?"

"ይህ ወረቀት ወደ አውራጃ ቢሄድ ክሊኒኩ ይዘጋል። ድሬሰሩ ይታሰራል። እኔም ባለፈው ወር ሞዴል ክሊኒክ አለን ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ።"

"እውነቱ ግን ይኸ ነው።"

"አንተ ወንድሜ፣ ትመጣለህ ትሄዳለህ። እኛ እዚሁ ነን።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እናትህ ቅቤ አልቀላቀለችም?"

"ቀላቅላለች።"

"በቃ። እሑድ ስብሰባ አለ፤ ግለ ሂስ ታድርግ። መድኃኒቱን በጎጂ ልማድ አበላሸሁት ትበል። ልጅቱን ከእርከን አወጣታለሁ። ማህተሙ እዚህ ነው።" ማህተሙን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

እቤት ሄጄ ለሁለቱም ነገርኋቸው። እኅቴ "አታደርገውም" አለች። ፊቷ ገና እየተላጠ ነበር። "ነገ እወጣለሁ፤ ሌሎቹ እንደሚሠሩት እሠራለሁ።"

"ዝም በይ" አለች እናቴ። ወደ እኔ ዞረች። "ልጄ ጥላ ውስጥ ከዋለች ምላሴን ምን ገዶኝ። አንተ ጻፈው፤ እኔ እለዋለሁ።"

ጻፍሁት። የመንግሥት ጋዜጣ ቋንቋ እጄ ላይ ስላለ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። "እኔ የዚህ ማህበር አባል የሆንሁ እናት፣ ከኋላ ቀር ልማድ ባለመላቀቄ፣ ከክሊኒክ የተሰጠኝን መድኃኒት ከቅቤ ጋር በመለወስ በገዛ ልጄ ላይ ጉዳት አድርሻለሁ። ጥፋቱ የክሊኒኩ ሳይሆን የእኔ ነው።" እያለ ይቀጥላል። ከሁሉ የሚያበግነኝ አንድም ሙሉ ውሸት የሌለበት መሆኑ ነው። ቅቤ ነበር፤ ጉዳት ነበር፤ እጇም ነበረበት። እውነቱን ሁሉ ወስጄ ሐሰት እንዲሆን አድርጌ ደረደርሁት። ሙያ ማለት ይኸ ከሆነ ባለሙያ ነበርሁ።

እኔ እያነበብሁ እናቴ ትደግም ነበር፤ ልክ ውዳሴ ማርያም እንደምታጠና። አንድ ቦታ ላይ አቆመችኝ።

"መለወሱስ እሺ፣ ለውሻለሁ። 'ኋላ ቀር' ምንድን ነው?"

"ከኋላ የቀረ።"

"ከማን ኋላ?"

የሚቀጥለውን መስመር አነበብሁላት። ተከትላ ደገመችው።

እሑድ በማህበሩ አዳራሽ ሰው ሞላ። እናቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ተነሣች። "በስመ አብ ወወልድ" ብላ ጀመረች።

"እናት፣ ይኸ ስብሰባ ነው" አለ ካድሬው።

"ኧ? እሺ።" ጉሮሮዋን ጠረገችና የጻፍሁትን አንድ ቃል ሳትስት ተናገረች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሆቴል የምትሠራዋ ጎረቤታችን ከኋላ ጮኸች።

"ቅቤ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚመርዘው?"

"ጸጥታ!" አለ ሊቀመንበሩ።

"የሌለ ነገር እንዴት ይመርዛል ብዬ ነው። ዘንድሮ ቅቤ ያየ እጁን ያውጣ እስቲ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ካድሬው መፈክር አስነሣ፤ ሁላችንም ግራ እጃችንን አነሣን። ማህተሙ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ድሬሰሩ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመሐረብ ይጠርግ ነበር።

በማግስቱ ወደ ክሊኒኩ ወረድሁ። ያ ቆርቆሮ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። አንዲት ሴት እግሯ በእሳት ተቃጥሎ ወረፋ ትጠብቃለች።

"ያንን ቅባት ለዚህች ሴት እንዳትሰጣት" አልሁት። "ለተላጠ ቆዳ አይሆንም። ሐኪሙም ይኸንኑ ነው ያለን።"

ድሬሰሩ ፋይል ከፈተ። የስብሰባው ማስረጃ ሆኖ የተሰጠውን የእኔን ግማሽ ገጽ አወጣ። የራሴን የእጅ ጽሑፍ ለራሴ አነበበልኝ፤ "ጥፋቱ የክሊኒኩ ሳይሆን..." ሊያሾፍብኝ ብሎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አላሾፈም። የሁለት ሳምንት ጭንቀት ከትከሻው የወረደለት ሰው ነበር፤ አምኖታል። ግለ ሂሱን ሰምቶ፣ ጥፋቱ የቅቤ መሆኑን ተቀብሎ፣ ሰላም አግኝቶ ነበር።

"ቅቤ እንዳትነካው እነግራታለሁ" አለኝ። "ከእንግዲህ ለሁሉም እናገራለሁ።"

ሴትዮዋን ራሷን ወደ ውጭ ጠርቼ ነገርኋት። እንዳትቀባ፣ እግሯን በንጹሕ ውኃ ብቻ እንድታጥብ ለመንኋት። ከዚያ በካርቶን ላይ "ለጭርት ብቻ፤ በተላጠ ወይም በተቃጠለ ቆዳ ላይ ፈጽሞ አይቀባ" ብዬ ጽፌ በቆርቆሮው ላይ በክር አሰርሁት። ድሬሰሩ አልከለከለኝም። በሚቀጥለው ዓመት ስመጣ ካርቶኑ የለም፤ ቆርቆሮው ባዶ ሆኖ የኩራዝ ጋዝ ተሞልቶበታል። ውስጡ የነበረው በማን ገላ ላይ እንዳለቀ ጠይቄ የነገረኝ አላገኘሁም። ሴትዮዋን ግን አገኘኋት፤ እግሯ ጠባሳ ይዞ ድኗል።

ያ ማህተም የሚሠራው ለአንድ በጋ ብቻ እንደሆነ ያወቅነው በዓመቱ ነው። እርከኑ ሲታወጅ ሊቀመንበሩ እናቴን አስጠራት። አዲስ ወረቀት እንዲሰጥ መነሻ ያስፈልገዋል፤ መነሻው ግለ ሂሱ ነው። እናቴ እንደገና ቆመች። በሦስተኛውም ዓመት ቆመች። ያኔ ዝናቡ አንድ ክረምት ሙሉ ቀርቶ ነበር፤ በአዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ፊቱ ገርጥቶ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ ነበር። እኔ እኅቴን ይዤ በር አጠገብ ቆምሁ። እናቴ ማጥናት አላስፈለጋትም። የጻፍሁትን ሁሉ ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች፤ የት እንደምትተነፍስም ለይታለች። "ኋላ ቀር" የሚለው ላይ ስትደርስ ድምጿን እንኳ አልለወጠችም። ማንም አይሰማትም ነበር። አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ ከጎኑ ካለው ጋር ስለ እህል እርዳታ ያወራል። ሊቀመንበሩ እሷ ሳትጨርስ ማህተሙን ወረቀቱ ላይ መታው።

"ገና አልጨረስሁም" አለች።

"ይበቃል፣ እናት።"

"አይ፣ ልጨርሰው።"

ቆማ እስከ መጨረሻው ተናገረችው። ከዚያ ወረቀቱን ተቀበለች፤ ማህተሙ እስኪደርቅ በትንፋሿ ነፋችበት፤ አጥፋ ለእኅቴ ሰጠቻት።

"በይ ሂጂ" አለቻት፤ "ፀሐዩ ሳይጠነክርብሽ።"